ጌይን ወይስ ድራይቭ? ለደሴና ለኮምቦልቻ ቀረጻ ቤቶች የቲዩብ ፕሪአምፕ አመራረጥ

ደሴ ላይ አንዲት ክፍል በስፖንጅና በብርድ ልብስ ሸፍኖ ቀረጻ የጀመረ ሰው ከሳውንድ ካርድ (ማይክን ከኮምፒውተር ከሚያገናኘው እቃ) ቀጥሎ ዓይኑ የሚያርፈው ቲዩብ ፕሪአምፕ ላይ ነው፤ የማይክን ደካማ ድምፅ በመስታወት ቲዩብ እያሳለፈ የሚያጎላ ሳጥን ነው። ሁለት ማዞሪያ፣ አንድ መርፌ፣ ከውስጥ ቀላ ያለች ብርሃን፤ ማን ይጠላል? ጥያቄው የሚመጣው እቃው ከአዲስ አበባ ተጭኖ ደርሶ ከተሰካ በኋላ ነው። ጌይን የሚለውም ሲዞር ድምፅ ይጨምራል፣ ድራይቭ የሚለውም ሲዞር ድምፅ ይጨምራል። ታዲያ የቱን ከፍ፣ የቱን ዝቅ እናድርግ? ከዚያ በፊት ደግሞ፣ ለመሆኑ ይህን እቃ መግዛት ያስፈልግ ነበር?

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። ድራይቭ አንድ ድምፅ ብቻ ሲገባበት ያሳምራል፤ ብዙ ድምፅ ባንድ ላይ ሲገባበት ያበላሻል። እኛ ሰፈር የሚቀረጸው ደግሞ አብዛኛው ብዙ ድምፅ ነው፦ መንዙማው፣ የሰርጉ ዘፈን፣ የመዝሙር ቡድኑ። ስለዚህ ምርጫው የሚወሰነው በእቃው ስም ሳይሆን ማይኩ ፊት በሚቀመጠው ሰው ብዛት ነው።

ሁለቱ ማዞሪያዎች የሚሠሩት ሥራ

ጌይን ከማይክ የሚመጣውን ደካማ ሲግናል ወደ ሥራ ደረጃ ያነሳል። ሁላችንም የምናውቀው ሹር ኤስኤም58 ማይክ በ94 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) የድምፅ ጫና የሚያወጣው 1.85 ሚሊቮልት ገደማ ነው። የስቱዲዮ እቃዎች የሚግባቡበት የላይን ደረጃ 1.23 ቮልት ነው። ከዚያ እዚህ ለመድረስ 56 ዴሲቤል ገደማ ያስፈልጋል፤ በቮልት ስናሰላው ከ660 እጥፍ በላይ ማለት ነው። ኮንደንሰር ማይክ (ኤሌክትሪክ ተልኮለት የሚሠራው) ግን ሌላ ዓለም ነው። ሮድ ኤንቲ1ኤ በዚያው የድምፅ ጫና 25 ሚሊቮልት ይሰጣል፤ ጌይኑ ከኤስኤም58 በ22 ዴሲቤል ያህል ዝቅ ቢል ይበቃዋል። ‹‹ጓደኛዬ ጌይኑን ሦስት አራተኛ ላይ ነው የሚያቆመው›› የሚል ምክር ዋጋ የሌለው ለዚህ ነው። የጓደኛችሁ ማይክ ምንድነው? ዘፋኙስ ከማይኩ ስንት ስንዝር ይርቃል?

ድራይቭ የሚወስነው ወደ ቲዩቡ ምን ያህል ሲግናል እንደሚገፋ ነው። በእነዚህ ሳጥኖች ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ያለችው 12ኤኤክስ7 የምትባለው ቲዩብ ናት፤ አውሮፓውያን ኢሲሲ83 ይሏታል፤ የማጉላት አቅሟ 100 ነው። በቀስታ ስትገፋ የሞገዱን ሁለት ግማሾች እኩል አታጎላም፤ አንደኛው ጫፍ ቀድሞ ይደፈጠጣል። ከዚህ መዛባት ሁለተኛው ሃርሞኒክ (የዋናው ድምፅ እጥፍ) ይወለዳል፦ 200 ኸርዝ የገባ ድምፅ 400 ኸርዝ ጨምሮ ይወጣል። 400 የ200 ኦክታቭ (ያው ኖታ ከፍ ብሎ) ስለሆነ ጆሯችን እንደ ባዕድ አይቆጥረውም፤ ‹‹ድምፁ ሞላ፣ ሞቀ›› የምንለው ይህንን ነው። ግፊቱ ሲበረታ ግን ሁለቱም ጫፍ ይቆረጣል፤ ሦስተኛውና አምስተኛው፣ ማለትም 600ና 1000 ኸርዝ፣ ይከተላሉ። ያኔ ሙቀቱ ወደ ሻካራነት ይለወጣል።

ሌላም ሥራ ይሠራል፤ ብዙ ሰው ልብ አይለውም። ጫፎቹ ሲደፈጠጡ በጮኸውና ባልጮኸው መካከል ያለው ልዩነት ይጠባል። ኮምፕረሰር በትንሹ የገባ ያህል ነው። መልሳችሁ ሌቭሉን ስታስተካክሉ ከጀርባ የነበረው ሁሉ አብሮ ወደፊት ይመጣል። ክረምት ላይ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የምትቀርጹ ከሆነ ይህን አረፍተ ነገር ደግማችሁ አንብቡት።

ስለ ርካሾቹም አንድ ነገር። 12ኤኤክስ7 እንደ ልብ የምትሠራው ከ100 እስከ 250 ቮልት ሲሰጣት ነው። በርካታ ርካሽ ፕሪአምፖች ግን የሚሰጧት በጥቂት አሥሮች የሚቆጠር ቮልት ነው። ትሠራለች፣ ነገር ግን ድምፁን ቶሎ ታሻክራለች። ውድ እቃ ላይ ግማሽ ድረስ የሚያስኬድ ድራይቭ ርካሹ ላይ ሩብ ሳይሞላ የሚያስነጥሰው ከዚህ የተነሳ ነው።

ስማቸው ይለያይ እንጂ

ፕሪሶነስ ቲዩብፕሪ ላይ ጌይንና ድራይቭ ለየብቻ ተጽፈው ታገኛላችሁ። አርት ቲዩብ ኤምፒ ላይ ደግሞ ድራይቭ የሚል የለም፤ ያለው መግቢያና መውጫ ነው። የመግቢያውን ከፍ፣ የመውጫውን ዝቅ ስታደርጉ ያው ድራይቭ ፈጠራችሁ ማለት ነው፤ በተቃራኒው ስታደርጉ ደግሞ ንጹሕ ድምፅ።

ለጀማሪ የመጀመሪያው ይቀላል፤ ስሙ ራሱ ይነግረዋል። እኔ ግን መውጫ ያለውን እመርጣለሁ። መውጫ የሌለው እቃ ላይ ድራይቭ ሲጨመር ድምፁም አብሮ ስለሚጨምር፣ ያማረን ድራይቩ ይሁን መጮሁ መለየት አይቻልም። የሰው ጆሮ አንድ ዴሲቤል እንኳ ከፍ ያለውን ‹‹የተሻለ›› ይላል። መውጫ ካለ ከቲዩቡ በኋላ ዝቅ አድርጎ እኩል ለእኩል መስማት ይቻላል።

ሦስቱ አቀማመጦች

የመጀመሪያው፦ ጌይን የሚበቃውን ያህል፣ ድራይቭ ዝቅ። ይህ የዘወትር አቀማመጥ ነው። ዘፋኙ ከሚችለው ሁሉ ከፍ አድርጎ እንዲያወጣ ጠይቁት፤ ሳውንድ ካርዱ ላይ ጫፉ ከዜሮ በታች 12 እስከ 10 ዴሲቤል አካባቢ እንዲቆም ጌይኑን አስተካክሉ። ‹‹ቀይ ሊነካ ጥቂት እስኪቀረው›› የሚለው ልማድ የካሴት ዘመን ነው፤ ያኔ ቴፑ ራሱ ይንሾካሾክ ስለነበር ከሹክሹክታው በላይ መጮህ የግድ ነበር። በ24 ቢት ስትቀርጹ በወረቀት ላይ 144 ዴሲቤል ስፋት አላችሁ፤ አሥራ ሁለቱን ለእልልታ መጠባበቂያ ብትተዉት አትከስሩም። እልልታ ደግሞ ሳያስጠነቅቅ ነው የሚመጣው።

ሁለተኛው፦ ጌይን ከመጀመሪያው ትንሽ ዝቅ፣ ድራይቭ ከሩብ እስከ ሲሶ። ለአንድ ሰው ድምፅ፣ በተለይ ቀጭን ወይም ደረቅ ለሆነ፣ የሚስማማው ይህ ነው። ትክክለኛው ቦታ የሚታወቀው ድራይቩ ሲዘጋ ‹‹የሆነ ነገር ጎደለ›› ሲያሰኝ፣ ሲከፈት ግን ‹‹የሆነ ነገር ተጨመረ›› የማያሰኝ ሲሆን ነው።

ሦስተኛው፦ ጌይን ጥቂት፣ ድራይቭ ሙሉ። ቤዝ ጊታር ላይ ወይም ሆን ብሎ ለተሻከረ ድምፅ ካልሆነ በቀር አልመክረውም። የመጀመሪያው ደረጃ ሳይጠግብ ሁለተኛውን ማስጮህ ኖይዙንም (ከጀርባ ያለውን ሽውታ) አብሮ ማስጮህ ነው። ቪዲዮ ላይ አምሮ የተሰማችሁ ከሆነ፣ የቀረጹበት ክፍል ጸጥታ ከእናንተው ጋር እኩል መሆን አለመሆኑን አስቡ።

የሚቀረጸው ምንድነው?

መንዙማ። ወሎ ላይ ከዚህ መጀመር ይገባል። የተለመደው አሠራር አንድ ወይም ሁለት ማይክ መካከል አቁሞ፣ አውጪው እያወጣ ሌሎቹ ሲቀበሉ፣ ድቤውንና ጭብጨባውን ባንድ ላይ መቅዳት ነው። በዚህ ላይ ድራይቭ ከፍታችሁ መርፌዋን ተመልከቱ። እጅ ድቤው ላይ ባረፈ ቁጥር መርፌዋ ትዘላለች፤ በዚያችው ቅጽበት የአውጪው ድምፅ ደብዘዝ ብሎ መልሶ ይወጣል። ድቤው ቲዩቡን ስለሞላው ለሰውየው ቦታ አልቀረለትም። ግጥሙ የሚሰማው ግማሽ ግማሽ ቃል ይሆናል፤ የመንዙማ ነገሩ ደግሞ ግጥሙ ነው። ስለዚህ ድራይቭ ዝግ። ሙቀት የግድ ካስፈለገ ለአውጪው የራሱን ማይክ ስጡና የእሱን መስመር ብቻ በቲዩቡ አሳልፉ።

ክራር ላይ ነገሩ ይረቃል፤ ትንሽ ላብራራው። ሁለት ኖታ ባንድ ላይ ቲዩብ ውስጥ ሲገቡ የሚወጡት ሁለቱና ሃርሞኒካቸው ብቻ አይደሉም። የሁለቱ ድምርና ልዩነትም ይወጣል፤ ግፊቱ ሲበረታ ደግሞ የአንዱ እጥፍ ሲቀነስ ሌላው የሚሰጠው ይጨመራል። አምባሰል ቅኝት ውስጥ በግማሽ ድምፅ የሚራራቁ ኖታዎች አሉ፤ አንቺሆዬም እንዲሁ። 440ና 466 ኸርዝ የሚሰጡ ሁለት ክሮች አንድ ላይ ተመቱ እንበል። በበረታ ድራይቭ ከጎናቸው 414ና 492 ኸርዝ ይፈለፈላሉ፦ አንዱ በግማሽ ድምፅ ገደማ ከታች፣ ሌላው በዚያው ያህል ከላይ። ሁለት ክር መታችሁ አራት የተጣበቁ ድምፆች ሰማችሁ። ከቅኝቱ ውስጥ የሌለ ኖታ እቃው ራሱ ጨመረላችሁ ማለት ነው። ሜጀር ትዝታ ላይ ኖታዎቹ ቢያንስ በሙሉ ድምፅ ስለሚራራቁ ይህ ጭቅጭቅ ይቀንሳል እንጂ ጨርሶ አይጠፋም። ባጭሩ፦ ክራሩ ክር በክር የሚነካ ከሆነ ድራይቭ ሩብ ድረስ ያምርበታል፤ በጠቅላላው የሚገረፍ ከሆነ፣ በተለይ በአምባሰል፣ ዝጉት። ክራርተኛው ‹‹ቅኝቴ ተበላሸ እንዴ?›› ብሎ ክሩን ማጥበቅ ከጀመረ መጀመሪያ ድራይቩን እዩ።

ማሲንቆ አንድ ክር ስለሆነ ከዚህ ጣጣ ነጻ ነው። የእሱ ጉዳይ ሌላ ነው። የፈረስ ጭራ በፈረስ ጭራ ሲፋተግ ራሱ በሃርሞኒክ የተሞላ ድምፅ ያወጣል፤ ድራይቭ ሲጨመርበት የሚጎላው ዜማው ሳይሆን ፍትጊያው ነው። ማይኩን ከመምቻው አርቃችሁ ወደ ቆዳው አዙሩት፤ ሁለት ስንዝር ያህል ይራቅ፤ ድራይቩን ከንክኪ አታሳልፉት። ዋሽንት ከሞላ ጎደል ተቃራኒ ነው፤ ድምፁ ከሃርሞኒክ የሳሳ ስለሆነ ጥቂት ድራይቭ እንኳ ወዲያው ይታወቅበታል። አንዳንዱ ይወደዋል፤ እኔ ዋሽንት ዋሽንት ይሁን ባይ ነኝ።

ትረካና ማስታወቂያ ለሚያነቡ ሁለተኛው አቀማመጥ ይስማማል። ወፍራም ድምፅ ያለውና ማይኩን ከከንፈሩ አስጠግቶ የሚያነብ ወንድ ግን ድራይቭ አያስፈልገውም፤ መቅረቡ ራሱ ታችኛውን ድምፅ አበዝቶለታል፤ ተጨማሪው ጭቃ ነው።

ከባቢው

ኮምቦልቻ ላይ ከዋናው መንገድ ዳር የምትሠሩ ከሆነ የጭነት መኪናው ጉርምርምታ ማይኩ ውስጥ ይገባል። ጆሮ ላይሰማው ይችላል፤ ቲዩቡ ግን ይሰማዋል፤ ከላይ በክራሩ እንዳየነው ከድምፁ ጋር ይደባልቀዋል። ቀረጻው ካለቀ በኋላ በኮምፒውተር ከ80 ኸርዝ በታች ያለውን ብትቆርጡት ጉርምርምታው ይጠፋል፤ በዘፋኙ ድምፅ ላይ ያሳረፈው ሽፍታ ግን ይቀራል። ስለዚህ መቁረጡ ከቲዩቡ በፊት ይሁን፤ ማይካችሁ የራሱ መቁረጫ ካለው እሱን ክፈቱ። የኮምቦልቻ ሙቀት የሚያስከፍተው ቬንትሌተርም ቢሆን ድራይቭ ሲጨመር አብሮ የሚጎላ ነው። ደሴ ደግሞ ጠዋት ጠዋት ይበርዳል፤ እቃውን ከፍታችሁ ሩብ ሰዓት ያህል ሳይሞቅ መቅዳት አትጀምሩ። ቲዩብ መንቀጥቀጥንም ወደ ድምፅ ትለውጣለች፤ ሳጥኑን በጣት መታ ስታደርጉት በማዳመጫው ውስጥ ‹‹ድን›› ካለ፣ ከድቤውና ከስፒከሩ አርቃችሁ አስቀምጡት።

የትኛውን እንግዛ?

ሦስት መንገድ አለ፦ በሳውንድ ካርዱ ጌይን ብቻ መሥራት፤ ከፊቱ ቲዩብ ፕሪአምፕ መጨመር፤ ወይም ንጹሑን ቀርጾ የቲዩቡን ጠባይ በፕለግኢን (በቀረጻ ሶፍትዌሩ ውስጥ በሚገባ ተጨማሪ ፕሮግራም) ማምጣት።

ፕለግኢኑን የሚደግፈው ትልቁ ነገር ሐሳብን መለወጥ መቻሉ ነው። በቲዩብ የተሻከረ ቀረጻ አይመለስም። ደንበኛው ከሳምንት በኋላ ደውሎ ‹‹ወንድሜ፣ ድምፄ ታፈነ›› ሲል ፕለግኢኑን ታነሱለታላችሁ፤ በሃርድዌር ከሆነ ግን እንደገና ኑ ልትሉት ነው፤ ከኩታበር ወይም ከሐይቅ የመጣን ሰው ደግሞ ‹‹እንደገና ና›› ማለት ቀላል አይደለም።

ሁለተኛው ምክንያት መብራት ነው። ከላፕቶፑ በዩኤስቢ ኃይል የሚወስድ ሳውንድ ካርድ መብራት ሲጠፋ በላፕቶፑ ባትሪ መቅዳቱን ይቀጥላል። ቲዩብ ፕሪአምፑ ከግድግዳው ነው የሚበላው፤ መብራቱ ሲሄድ እሱም ይሄዳል፣ ቀረጻውም ከመካከሉ ይቆረጣል። ስለዚህ ዋጋውን ስታሰሉ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚተካ ባትሪ) ደምሩበት። ስታብላይዘርም ካለ ከማይኩ አርቁት፤ ቮልቴጁ ሲዋዥቅ ‹‹ቀጭ›› የሚለው የሪሌው ድምፅ ትረካ መሀል ገብቶ ያስቸግራል።

‹‹የሳውንድ ካርዴ ጌይን አይበቃም›› የሚለው ቅሬታስ? አንዳንድ ጊዜ እውነት ነው። ፎከስራይት ስካርሌት 2አይ2 በሦስተኛው ትውልዱ 56 ዴሲቤል ጌይን ነበረው፤ ሹር ኤስኤም7ቢን የመሰለ ሰነፍ ማይክ ይዞ ዝግ ብሎ ለሚተርክ ሰው ያንሳል። አራተኛው ትውልድ 69 ዴሲቤል ይሰጣል፤ ችግሩ እዚያው ተፈታ። ጌይን ብቻ ከሆነ የጎደላችሁ፣ ለድራይቭ አትክፈሉ።

ቲዩቡን ማን ይግዛ? በየቀኑ ያንኑ አንድ ድምፅ የሚቀዳ ሰው። የራሱን ዩቲዩብ የሚተርክ፣ ወይም ብቻውን የሚዘፍን፣ አቀማመጡን አንዴ አግኝቶ ማዞሪያው ላይ በፕላስተር ምልክት አድርጎ የሚተወው። እንዲህ ላለው ሰው ድራይቭ ውሳኔ የሚያሳጥር እቃ ነው፤ ከቀረጻ በኋላ የሚባክነውን ሰዓት ይቀንስለታል። ዛሬ መንዙማ፣ ነገ መዝሙር፣ ከነገ ወዲያ የሱቅ ማስታወቂያ የሚቀዳ ቤት ግን ገንዘቡን ለሁለተኛ ማይክና ለበሩ መጋረጃ ቢያውለው ይሻለዋል።

ከገዛችሁ

መስመሩን ከፕሪአምፑ ወደ ሳውንድ ካርዱ በጃክ፣ በላይን መግቢያው አስገቡ። በኤክስኤልአር (ባለ ሦስት እግሩ የማይክ ገመድ) ወደ ማይክ መግቢያው ካስገባችሁት ሁለተኛ ፕሪአምፕ ውስጥ ያልፋል፤ ‹‹ቲዩቤ ኖይዝ አለው›› ከሚሉት አንዳንዶቹ ችግራቸው ይኼው ነው። ‹‹ኢንስት›› የሚለው ቁልፍም ይጥፋ፤ እሱ ለጊታር ነው። ፋንተም (ፕሪአምፑ ለማይኩ የሚልከው ኤሌክትሪክ) የሚከፈተው ማይኩ ኮንደንሰር ከሆነ ብቻ ነው፤ ማይኩን ከመንቀላችሁ በፊት አጥፉትና ጥቂት ጠብቁ፤ ሞኒተሩም በዚያ ሰዓት ዝቅ ይበል።

ድራይቩ ይጥቀም አይጥቀም ለማወቅ አንዱን ስንኝ ሁለቴ ቅዱ፤ አንዱን ድራይቩን ዘግታችሁ፣ ሌላውን ከፍታችሁ። ኮምፒውተሩ ላይ ሁለቱን እኩል ድምፅ ላይ አምጧቸው። ከዚያ የትኛው የትኛው እንደሆነ የማያውቅ ሰው ያዳምጥላችሁ፤ በማዳመጫ ሳይሆን፣ ሰዉ በሚሰማበት በስልክ ስፒከር። ሰውየው ልዩነት ካላገኘ ድራይቩን ዘግታችሁ ቅዱ፤ ንጹሑን በኋላ ማሞቅ ይቻላል።

አዳፕተሩ ከተቃጠለ ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት በፕሪአምፑ ጀርባ የተጻፈውን አንብቡ። አርት ቲዩብ ኤምፒ የሚፈልገው 9 ቮልት ኤሲ ነው፤ ሱቅ የሚሰጧችሁ ግን አብዛኛውን ጊዜ ዲሲ የሚያወጣ ነው፤ ሶኬቱ ልክ ቢገባም አይሆንም። ድራይቩ ቶሎ የሚሻክርባችሁ ከሆነ ደግሞ፣ መመሪያው ከፈቀደ ቲዩቧን በ12ኤቲ7 መለወጥ ይቻላል፤ የማጉላት አቅሟ 60 ስለሆነ ነገሩን ታረጋጋዋለች። 12ኤዩ7 ወደ 20 ትወርዳለች። ዘጠኙም እግሮች በአንድ በኩል ብቻ ነው የሚገቡት፤ አታስገድዷት። እቃው ከሶኬት ተነቅሎ ሳይቀዘቅዝ ደግሞ ክዳኑን አትክፈቱ።